በክሪሽና አገር፦ ከማቱራ እስከ ጎቫርዳን

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017

ለትምህርት ዴልሂ የመጣ ሐበሻ ሁሉ ውሎ አድሮ አግራ ይሄዳል፤ ታጅ ማሃልን ለማየት። ባቡሩ መንገድ ላይ ማቱራ የምትባል ከተማ ይቆማል። ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል፣ እኛ ስልካችንን እየነካካን እናልፋለን። ለሂንዱዎች ግን ይቺ ከተማ አምላካቸው ክሪሽና የተወለደባት ናት። ዘንድሮ ልደቱ፣ ጃንማሽታሚ የሚሉት በዓል፣ ቅዳሜ ነሐሴ 10 ላይ ዋለ። የክፍል ጓደኛዬ እናት «ቤታ (ልጄ)፣ አብረን እንሂድ» ሲሉኝ አላቅማማሁም። አንቲ ነው የምላቸው፤ እዚህ የጓደኛ እናት እንደዚያ ነው የምትጠራው።

አንድ ነገር መጀመሪያ ልበል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የሄድኩት ለማየትና ለማወቅ ነው። ይህንን ለአንቲም ነግሬያቸዋለሁ። ደግሞ ፍልሰታ ላይ ነን፣ ወተትም ቅቤም አልነካም። እሳቸው ቅር አልተሰኙም፤ እንዲያውም ጾመኛ መሆኔን ሲሰሙ የወደዱኝ መሰለኝ።

ባቡሩ ጢም ብሎ ነበር። ዓርብ የህንድ የነፃነት ቀን፣ ቅዳሜ በዓሉ፣ ሁሉም ሰው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጥቷል። አንቲ ጭናቸው ላይ አንዲት ቅርጫት አስቀምጠዋል፣ ማንም እንዲነካት አይፈልጉም። የምግብ መስላኝ ነበር። ጉዞው ሲጋመስ ክዳኗን ከፈት አደረጉና አዩ፣ ትንሽ አራገቡበት፣ መልሰው ከደኑ። ውስጥ የነበረው ክሪሽና ነው። ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ የነሐስ ሕፃን፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣ በአንድ እጁ ድብልብል ነገር ይዞ። ላዱ ጎፓል ይሉታል። ብዙ ቤት አለ። ጠዋት ይቀሰቅሱታል፣ ያጥቡታል፣ ያለብሱታል፣ ያበሉታል፣ ማታ ያስተኙታል። በብርድ ጊዜ የሱፍ ሹራብ አለው፣ በሙቀት ጊዜ ማራገቢያ ይደረግለታል። ቤቱን ዘግተው ብቻውን ጥለውት አይሄዱም፤ ለዚህ ነው በባቡር አብሮን የሄደው።

ማቱራ የደረስነው ከሰዓት ነው። ዕቃችንን ዳራምሻላ፣ ማለትም የተሳላሚዎች ማረፊያ፣ አስቀምጠን ወደ ያሙና ወንዝ ወረድን። ቪሽራም ጋት የሚባል በደረጃ የተሠራ ዳርቻ አለ። ክሪሽና ጨካኙን ንጉሥ ካንሳን ከገደለ በኋላ ያረፈው እዚህ ነው ይላሉ። ሲመሽ ካህናቱ ብዙ ክር ያለው ትልቅ የነሐስ መብራት ይዘው ለወንዙ ያዞራሉ፣ ደወል ይደወላል፣ ሴቶች በቅጠል ጀልባ አድርገው ጧፍና አበባ ውኃው ላይ ይለቃሉ። ክረምት ስለሆነ ያሙና ደፍርሶ ሞልቷል። ያን ውኃ እያየሁ አንቲ የልደቱን ታሪክ ነገሩኝ፤ ታሪኩም የጎርፍ ታሪክ ነው።

ካንሳ እህቱን ዴቫኪን ሲድር ከሰማይ ድምፅ ይሰማል፦ ስምንተኛ ልጇ ይገድልሃል። ካንሳም እሷንና ባሏን ቫሱዴቫን እስር ቤት አስገባ። ስድስት ልጆቿን በተወለዱ ቁጥር ገደለ። ሰባተኛው በአምላክ ሥራ ወደ ሌላ ሴት ማህፀን ተሻገረ፤ እሱ ታላቅ ወንድሙ ባላራማ ነው። ስምንተኛው በእኩለ ሌሊት፣ በከባድ ዝናብ ተወለደ። ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ወለቀ፣ ጠባቂዎቹ እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ በሩ ተከፈተ። አባትየው ሕፃኑን በቅርጫት አድርጎ ጭንቅላቱ ላይ ተሸከመና ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ብዙ ራስ ያለው እባብ ከኋላው ተነስቶ ዝናቡን ከለለለት። ማዶ ጎኩል መንደር ውስጥ ያሾዳ የምትባል የከብት አርቢ ሚስት ሴት ልጅ ወልዳ ተኝታ ነበር። ልጆቹን ለዋወጠና ተመለሰ። ካንሳ ሕፃኗን ድንጋይ ላይ ሊፈጠፍጣት ሲል ከእጁ አምልጣ ሰማይ ወጣች፣ አምላክ ሆና። «ገዳይህ ሌላ ቦታ ተወልዷል» አለችው።

የሄሮድስን ነገር ያስታወሰኝ እኔን ብቻ አይመስለኝም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ቭሪንዳቫን ከማቱራ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በኤሌክትሪክ ባጃጅ ሄድን። እዚህ አገር «ደህና ዋልክ»፣ «መንገድ ልቀቅ»፣ «ስንት ነው»፣ ሁሉም የሚጀምረው «ራዴ ራዴ» በማለት ነው። ሹፌሩ ጥሩምባ ከመንፋት ይልቅ «ራዴ ራዴ!» እያለ ይጮኻል፣ ሰው ዘወር ይላል። ራዳ የክሪሽና ፍቅረኛ ናት። እዚህ ስሟ ከእሱ ስም ይቀድማል። ወደ እሱ ለመድረስ በእሷ በኩል ይኬዳል ይላሉ አንቲ።

መነጽር ያለው ሰው ኪሱ ይክተት። ጦጣዎቹ የተካኑ ናቸው። ከፊታችን የሚሄዱ ሽማግሌ መነጽራቸውን ሲነጠቁ አየሁ፤ ጦጣው ግድግዳ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ፣ አንድ ልጅ ፍሩቲ የሚሉትን የማንጎ ጭማቂ ወረወረለት፣ ጭማቂውን ቀለበና መነጽሩን ለቀቀው። ሰዎቹ አልተናደዱም። የክሪሽና አገር ጦጣ ነው፤ እሱም ልጅ ሆኖ ሌባ ነበር፣ የቅቤ ሌባ።

ባንኬ ቢሃሪ ቤተ መቅደስ ለመግባት የሚጋፋውን ሕዝብ በቃል መግለጽ ይከብዳል። ጠባብ ቅያስ፣ ሙቀት፣ አበባ ሻጭ፣ ላብ፣ ዝናብ። እ.ኤ.አ. በ2022 በዚሁ በዓል ሌሊት በግፊያ ሰው ሞቷል፤ እኔም አንቲን በክንዴ አቅፌ ነው የገባሁት። ልጅና አዛውንት ይዞ በዋዜማው መግባትን ለማንም አልመክርም፣ ተራ ቀን ይሻላል።

ውስጡ ግን ሌላ ነው። ሌላ ቦታ ምስሉን እንደልብህ ታያለህ፤ እዚህ ከምስሉ ፊት መጋረጃ አለ፣ ካህኑ ከፈት ያደርገውና ወዲያው መልሶ ይጋርደዋል፣ እንደገና ይከፍታል፣ እንደገና ይጋርዳል። ጥቁር፣ ትንሽ፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ልብሱና ጌጡ የደመቀ ምስል ነው። አንድ ሰው ዓይን ዓይኑን ብዙ ካየው ክሪሽና በፍቅሩ ተማርኮ አብሮት ይሄዳል የሚል እምነት አለ፣ መጋረጃው ለዚህ ነው። ደወል አይደወልም፣ ቀንድም አይነፋም፣ ልጁ እንዳይረበሽ። የንጋቱን የመብራት ሥርዓትም ዓመቱን ሙሉ አያደርጉም፣ ማታ ሲጫወት ስለሚያመሽ ይተኛ ብለው ነው፤ በልደቱ በዓል አንድ ጊዜ ብቻ ይደረጋል። መጋረጃው በተከፈተ ቁጥር ሕዝቡ እልል ይላል። አጠገቤ የነበረች ሴት እጇን ዘርግታ ሲጋረድ «አንዴ! አንዴ ብቻ!» እያለች ታለቅስ ነበር። ሃይማኖቱ የእኔ አይደለም፣ ለቅሶዋ ግን ገባኝ።

ከዚያ ጎቪንድ ዴቭን አየን። የአምበሩ ራጃ (ንጉሥ) ማን ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1590 ያስጨረሰው የቀይ ድንጋይ ቤተ መቅደስ ነው፣ ዘመኑ የሞጉሉ ንጉሥ የአክባር ነበር። በኋላ በሌላው የሞጉል ንጉሥ በአውራንግዜብ ዘመን የላይኛው ክፍል ፈረሰ፤ ምስሉን ቀደም ብለው አሽሽተውት ዛሬ ጃይፑር ነው ያለው። ባዶነቱ ራሱ ያምራል። ከከተማው ሁሉ ጸጥ ያለው እዚያ ነበር።

ኒዲቫን ደግሞ የተጠማዘዙ አጫጭር ዛፎች ያሉበት አጥር ግቢ ነው። ክሪሽናና ራዳ ዛሬም በየሌሊቱ እዚህ ይጨፍራሉ ይባላል። ሲመሽ ይዘጋል፣ ማንም ውስጥ አያድርም። በትንሿ ቤት አልጋ ይነጠፋል፣ ውኃ፣ ጣፋጭና የጥርስ መፋቂያ እንጨት ይቀመጣል፤ ጠዋት ሲከፈት አልጋው ተኝተውበት፣ መፋቂያው ተነክሶ ይገኛል ይላሉ። ግቢውን የሚያዋስኑ ቤቶች ወደዚያ የሚያይ መስኮታቸውን ሲመሽ ይዘጋሉ። ጠባቂውን ጠየቅኩት፣ «አይተህ ታውቃለህ?» ብዬ። «ማየት የለብኝም» አለኝ፣ በጣም ኮስተር ብሎ።

ነጭ ሳሪ የለበሱ ባልቴቶችን ሳላነሳ ዓርብን ማለፍ አልችልም። በሺዎች የሚቆጠሩ ባል የሞተባቸው ሴቶች ቭሪንዳቫን ይኖራሉ፣ ብዙዎቹ ከምዕራብ ቤንጋል የመጡ። ገሚሱ በእምነት ነው የመጣው፣ ገሚሱ ቤተሰብ ገፍቶት። በየአዳራሹ ተቀምጠው የክሪሽናን ስም ይዘምራሉ፣ በዚያም ምግብና ጥቂት ሳንቲም ያገኛሉ። ድሮ ባልቴት ቀለም አይነካትም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ግን ሱላብ የተባለው ድርጅት ባደረገው ጥረት በሆሊ በዓል በቀለምና በአበባ ይጫወታሉ። አንዷ እናት እጄን ይዘው ጭንቅላቴን ዳበሱኝና በማላውቀው ቋንቋ መረቁኝ። ይህ አምልኮ ፍቅር ነው ፍቅር ነው ይባላል፤ እነዚህን እናቶች ጥሎ የሄደ ቤተሰብ ግን ቤቱ ላዱ ጎፓልን እያለበሰ ሊሆን ይችላል። ይህ ያመኛል። አንቲም ሲሰሙ ዝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወደ ማረፊያችን ከመመለሳችን በፊት ሎይ ባዛር ገባን፣ የልጁን የልደት ልብስ ለመግዛት። የሕፃን ልብስ ሱቅ ነው የሚመስለው፣ ልኩ በቁጥር ነው፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት። አንቲ ከቅርጫቱ አውጥተው ለኩት። ቢጫ ሐር በወርቅ ክር፣ የፒኮክ ላባ ያለበት ዘውድ፣ ከጣት ያነሰች ዋሽንት። ዋጋ ሲከራከሩ ሰው ለልጁ እንደሚከራከር ነው፤ ጨርቁን በጣታቸው አሽተው «ይኮሰኩሰዋል» ብለው ሦስት ልብስ መለሱ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10፣ ጃንማሽታሚ

ዛሬ ሁላችንም ጾመኞች ነን፣ ግን ጾማችን ተገላቢጦሽ ነው። እነሱ እህልና ጥራጥሬ አይበሉም፣ ተራ ጨውም አይነኩም፤ ወተትና ፍራፍሬ ይፈቀዳል። እኔ እህሉ ተፈቅዶልኝ ወተቱ ተከልክያለሁ። የሚያገናኘን ድንች፣ ሙዝና ኦቾሎኒ ሆነ። አንቲ ድንቹን በቅቤ ሳይሆን በኦቾሎኒ ዘይት ለብቻ ጠበሱልኝ፣ በአለት ጨው። ልጃቸው ልትረዳቸው ስትነሳ «ተይ፣ ጾሙ እንዳይበላሽበት በሌላ መጥበሻ ነው የማደርገው» ብለው መለሷት። ይህንን አልረሳም።

ከሰዓት ወደ ጃንማስታን፣ ወደ ተወለደበት ቦታ ሄድን። ስልክ፣ ካሜራ፣ ቦርሳ፣ ሁሉም በር ላይ ይቀራል። ፍተሻው ጥብቅ ነው፣ የታጠቀ ፖሊስ በየቦታው ቆሟል። ምክንያቱ በዓይን ይታያል፤ ከቤተ መቅደሱ ጎን ግድግዳ ለግድግዳ አውራንግዜብ እ.ኤ.አ. በ1670 ያሠራው ሻሂ ኢድጋህ መስጊድ አለ። የቆየ ቤተ መቅደስ ፈርሶ ነው የተሠራው በሚል ጉዳዩ እስካሁን ፍርድ ቤት ነው። ወደ ልደቱ ክፍል የሚገባው በጠባብ መተላለፊያ ነው፣ እስር ቤት እንዲመስል ተደርጓል፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ አየሩ የታፈነ። ውስጡ ያለው አንድ የድንጋይ መደብና ምስል ብቻ ነው። ሰው እየገባ ግንባሩን መሬት ያስነካል፣ ጠባቂ «ቀጥል፣ ቀጥል» ይላል።

ለእኩለ ሌሊቱ ብዙ ሰው እዚያው ቀረ። እኛ ተመለስን፣ የአንቲ ልጅም መወለድ አለበትና።

ማታውን እንዴት እንዳሳለፍን ልንገራችሁ። የዳራምሻላው ቴሌቪዥን የጃንማስታኑን ሥርዓት በቀጥታ ያሳያል። አንቲ ጥግ ላይ ትንሽ መሶብ የምታህል ዥዋዥዌ አልጋ በአበባ አስጊጠዋል። ላዱ ጎፓልን አውጥተው በጨርቅ ሸፈኑት። ከጎኑ ግንዷ ያልተቆረጠ ወፈር ያለች ኪያር አለች። ልክ 6 ሰዓት ሲሆን ከተማው በአንድ ጊዜ ፈነዳ፤ ደወል፣ ቀንድ፣ ከበሮ፣ ርችት፣ ከየጣሪያው ጩኸት። አንቲ የኪያሯን ግንድ በሳንቲም ቆረጡት። እትብቱ ተቆረጠ ማለት ነው። ከዚያ ሕፃኑን በወተት አጠቡት፣ ቀጥሎ በእርጎ፣ በማር፣ በንጥር ቅቤ፣ በስኳር፣ መጨረሻ በንጹሕ ውኃ። በፎጣ ሲያደርቁት የጆሮውን ጥግ ሳይቀር በጣታቸው ጫፍ ጠረጉለት። ቢጫውን ሐር አለበሱት፣ አልጋው ላይ አስተኙት፣ ገመዷን ይዘው ወዲህ ወዲያ ማወዛወዝ ጀመሩ። ስድሳውን ያለፉ ሴት ናቸው። ያን ሰዓት ፊታቸው የአራስ እናት ፊት ነበር።

የታጠበበትን ወተትና የድንብላል ጣፋጩን ለሁሉም ሲያድሉ እኔን ዘለሉኝና አንድ ሙዝ፣ ለምስሉ ያልቀረበ ሙዝ፣ ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ምንም አላልኩም ነበር፣ ራሳቸው አስበውበት ነው።

በኋላ ጠየቅኳቸው፣ አምላክን እንዲህ እንደ ልጅ ማባበል አያስፈራም ወይ ብዬ። «አንዱ እንደ ጌታ ያየዋል፣ አንዱ እንደ ጓደኛ፣ አንዷ እንደ ፍቅረኛ። እኔ ግን ልጄ ነው። ልጅን ማን ይፈራል?» አሉኝ።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

በነጋታው ደስታው ወደ ጎኩል ይሻገራል፤ ያሾዳ ነቅታ ወንድ ልጅ ያየችው በዚህ ጠዋት ነውና። እርጎ በእርድ ቢጫ አድርገው እርስ በእርስ ይረጫጫሉ፣ ጣፋጭና መጫወቻ ወደ ሕዝቡ ይወረወራል። ሸሚዜ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል።

የልጅነቱ ታሪክ ሁሉ ቦታ ቦታ አለው። ብራህማንድ ጋት አፈር የበላበት ነው። ያሾዳ «አፍህን ክፈት» ስትለው ከፈተ፣ አፉ ውስጥ ከዋክብትን፣ ተራሮችን፣ ባሕሮችን፣ ዓለሙን በሙሉ አየች፣ ራሷንም ጭምር። ራማን ሬቲ የተጫወተበት አሸዋ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ይንከባለሉበታል።

እኔ የምወደው ግን የገመዱን ታሪክ ነው። ያሾዳ ቅቤ እየገፋች ነበር። እናቶቻችን በቅል ይገፋሉ፣ እዚህ በሸክላ ማሰሮ ነው፣ መሃል የቆመውን እንጨት በገመድ እያሽከረከሩ። ልጁ ማሰሮውን ሰበረና ቅቤውን ለጦጣ አበላ። ተናደደች፣ ሙቀጫ ላይ ልታስረው ገመድ አመጣች። ገመዱ በሁለት ጣት አነሰ። ሌላ ቀጠለችበት፣ አሁንም በሁለት ጣት አነሰ። በቤቱ ያለውን ገመድ ሁሉ ቀጣጠለችው፣ አሁንም ሁለት ጣት። በመጨረሻ ፀጉሯ ተፈቶ፣ ላብ በላብ ሆና ሲያያት አዘነላትና ራሱን አሳሰረ። ታሪኩን የነገረን አስጎብኚ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተናገረው እንጃ፣ እዚህ ጋ ሲደርስ ግን ድምፁ ተሰበረ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ጎቫርዳን። ተራራ ሲባል የእኛን ተራራ የሚያስብ ሰው ይደነግጣል፤ ዝቅ ያለ፣ ረዘም ብሎ የተጋደመ የድንጋይ ጉብታ ነው። ክሪሽና አባቱንና የመንደሩን ሰው «ለዝናቡ አምላክ ለኢንድራ ለምን እንሰዋለን? የሚያበላን ይህ ተራራና ከብቶቻችን ናቸው» አላቸው። ኢንድራ ተቆጥቶ የጥፋት ዝናብ ለቀቀ። ልጁ ተራራውን በትንሿ ጣቱ አንስቶ ሰባት ቀን እንደ ጃንጥላ ያዘው፣ ሰውም ከብትም ከሥሩ ተጠለለ። በቀን ስምንት ጊዜ ይበላ የነበረ ልጅ ሰባት ቀን አልበላምና ዛሬ 56 ዓይነት ምግብ የሚያቀርቡለት ለዚያ ነው።

ተራራው ራሱ ቅዱስ ስለሆነ አይረገጥም፣ ዙሪያውን ነው የሚኬደው፣ 21 ኪሎ ሜትር፣ በባዶ እግር። እኔና ጓደኛዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀመርን፣ አንቲ በባጃጅ ተከተሉን። ጭቃና እበት፣ አንዳንድ ቦታ ጠጠሩ ይዋጋል። ኩሱም ሳሮቫር የሚባለው ኩሬ ጋ ስንደርስ ነጋ፤ ዳር ዳሩን በድንጋይ የተሠሩት ቅርጻ ቅርጾች ጥላቸው ውኃው ላይ ሲያርፍ ድካሜን አስረሱኝ።

መንገዱ ዳር አንድ ሰው አየን። ከፊቱ የጠጠር ክምር አለ፣ 108 ጠጠር። መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ በግንባሩ ይደፋል፣ እጁን ዘርግቶ አንድ ጠጠር ወደፊት ያስቀምጣል፣ ይነሳል፣ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይደፋል። 108ቱ ሲያልቁ አንድ ቁመት ብቻ ወደፊት ይሄዳል፣ እንደገና ይጀምራል። 21 ኪሎ ሜትሩን በዚህ ለመዞር ወራት ይፈጃል። ግንባሩና ጉልበቱ ጠቁሯል። ጓደኛዬ ውኃ ሰጠችው፣ «ራዴ ራዴ» ብሎ ጠጣና ተደፋ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ዛሬ ቡሄ ነው፣ እኔ ባቡር ላይ ነኝ። አንቲ ለቤት ብለው የማቱራ ፔዳ ገዝተዋል፣ ወተት ተቀቅሎ እስኪወፍር ከስኳርና ከሄል ጋር የሚሠራ ጣፋጭ ነው። ሰፈር ያሉ ልጆች ይበሉታል።

የቀረኝ ጥያቄ ነበር፦ ከዚያስ? እነዚህን ቀናት ስለ አዋቂው ክሪሽና ማንም አላነሳልኝም። አንቲ ባጭሩ መለሱልኝ። 11 ዓመት ገደማ ሲሆነው ማቱራ ሄዶ ካንሳን ገደለ። በኋላ ከነሕዝቡ ወደ ድዋርካ፣ ወደ ጉጃራት ባሕር ዳርቻ ተሻገረ። በማሃባራታ ጦርነት የጦረኛውን የአርጁናን ሰረገላ ነዳ፣ በኩሩክሼትራ ሜዳ ላይ 700 ስንኝ ያለውን ብሃጋቫድ ጊታ የተባለውን ቅዱስ ትምህርት አስተማረው። ከጦርነቱ 36 ዓመት በኋላ ወገኖቹ እርስ በእርስ ተላለቁ፤ እሱ ከዛፍ ሥር ጋደም ብሎ ሳለ አንድ አዳኝ እግሩን ሚዳቋ መስሎት በቀስት ወጋው። ቦታው ባልካ ይባላል፣ ከሶምናት ቤተ መቅደስ አጠገብ። አዳኙ ሲደነግጥ ክሪሽና አጽናንቶት ነው የሄደው።

ወደ ቭሪንዳቫን ግን ተመልሶ አልኖረም። መልእክተኛ ላከ፣ ኡድሃቫ የሚባል የተማረ ወዳጁን። ኡድሃቫ ለላሞቹ ጠባቂ ሴቶች «አምላክ በሁሉም ቦታ ነው፣ ስለዚህ አልተለያችሁም» ብሎ አስተማራቸው። እነሱም «ያለን አንድ ልብ ነው፣ እሱም ከእሱ ጋር ሄዷል፤ ትምህርትህን በምን እንቀበለው?» አሉት ይባላል። መምህሩ ተማሪ ሆኖ ተመለሰ።

አንቲ ይህንን ሲነግሩኝ ቅርጫቷን ከፍተው ማራገብ ጀመሩ፣ ፋን የሌለበት ፉርጎ ነበርና። በየካቲትና መጋቢት አካባቢ ለሆሊ ባርሳና፣ የራዳ መንደር፣ እንድንሄድ ተቀጣጥረናል፤ ሴቶቹ የናንድጋዎን መንደር ወንዶችን በዱላ የሚያባርሩበት በዓል ነው። ያኔ ዐቢይ ጾም ላይ እሆናለሁ። «ድንች አለ» ብለውኛል።